ሥጋ እምቢ ያለችው ሴት፦ ኢኮፌሚኒዝምን ለልቦለድ ንባብ ስለመጠቀም

ጥያቄውን ላላዩ አንባቢዎች ባጭሩ ላስቀምጠው። ጠያቂዋ በአዲስ አበባ ሥነ ጽሑፍ የሚያጠኑ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናቸው። የደቡብ ኮሪያዊቷን ደራሲ የሃን ካንግን «ቬጀቴሪያኗ» የተሰኘ ልቦለድ በኢኮፌሚኒዝም፣ ማለትም የሴትን መጨቆንና የተፈጥሮን መበዝበዝ አያይዞ በሚመረምረው ትወራ፣ ለመመርመር የጥናት ንድፍ አቅርበው፣ አማካሪያቸው ኅዳጉ ላይ «ሴት ተፈጥሮ ናት ከሚለው አትነሺ፤ ወዴትም አያደርስሽም» ብለው ጽፈውላቸዋል። የጠያቂዋ ጭንቀት ሦስት ነው። ትወራው ሴትን ከተፈጥሮ ጋር ካላገናኘ ምን ቀረው? የባለታሪኳ ዛፍ ለመሆን መሻት ነጻ መውጣት ነው ወይስ መሸነፍ? ደግሞስ ሴኡል ላይ የሆነን ታሪክ አራት ኪሎ ተቀምጦ በዚህ መነጽር ማንበብ የተውሶ አይሆንም ወይ?

አማካሪዎ ልክ ናቸው። ማስጠንቀቂያቸውን ግን ትወራውን ተዪው እንደማለት አይውሰዱት። ሴት ለተፈጥሮ ትቀርባለች የሚለው ሐሳብ ከኢኮፌሚኒዝም በፊት የነበረ፣ በአብዛኛውም ሴትን ከአደባባይ ለማራቅ ያገለገለ ዕድሜ ጠገብ እምነት ነው፤ ኢኮፌሚኒዝም የተነሣው ይህንኑ እምነት ይዞ ለመመርመር ነው። ስለዚህ ሴትና ተፈጥሮ መመሳሰላቸውን ለማስረዳት ገጽ አይፍጁ። መመሳሰሉን ማን እንደፈጠረው፣ በማን አንደበት እንደተነገረ፣ ማን እንዳተረፈበትና ዋጋውን ማን እንደከፈለ ይጠይቁ።

ከትወራው ታሪክ ለሥራዎ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ስያሜውን ፈረንሳዊቷ ፍራንስዋ ዶቦን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመችው መጽሐፍ ስታስተዋውቅ ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ርኅሩኆች ናቸው ከሚል አልተነሣችም፤ የሴትን ማህፀንና የምድርን ለምነት በቁጥጥሩ ሥር ያደረገው ሥርዓት አንድና ያው ነው ብላ ከሰሰች እንጂ። በዚያው ዓመት አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሼሪ ኦርትነር፣ ሴት በየባህሉ ለተፈጥሮ ቀርባ፣ ወንድ ደግሞ ለባህል ቀርቦ የሚታየው ለምንድን ነው ብላ ጠየቀች። የጠየቀችው ስለ አተያዩ መሆኑን ልብ ይበሉ። እኛም ዘንድ «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ሲባል ሚስትና መሬት በአንድ ትንፋሽ የሚጠሩት፣ ሁለቱም የሚታጠሩ፣ የሚጠበቁ፣ ደም የሚያፋስሱ የአባወራ ይዞታ ሆነው ነው። ተናጋሪው ባለርስቱ ነው፤ ሚስትየዋም መሬቱም በአባባሉ ውስጥ አፍ የላቸውም።

እኔ ለእርስዎ ጥናት የምመርጠው አውስትራሊያዊቷን ፈላስፋ ቫል ፕለምውድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመችው ሥራዋ፣ የምዕራቡ አስተሳሰብ ዓለምን አእምሮና ሥጋ፣ ሰውና እንስሳ፣ ወንድና ሴት እያለ በጥንድ ከፍሎ አንዱን ጌታ ሌላውን አገልጋይ የሚያደርግባቸውን ስልቶች አንድ በአንድ ትተነትናለች። ከእነዚህ መካከል ለዚህ ልቦለድ ይበልጥ የሚጠቅመው ወደ ጓዳ መክተት ልንለው የምንችለው ስልት ነው፦ ጌታው ያለ አገልጋዩ አንድ ቀን ማደር የማይችል ሆኖ ሳለ፣ አገልጋዩን ከዐይኑም ከሒሳቡም ያወጣዋል። ማዕዱ ይቀርባል፣ ውኃው ይቀዳል፣ አቅራቢው ግን አይታይም። በዚህ ዐይን ሲታይ ደንና የቤት እመቤት የሚገናኙት በለስላሳነታቸው ወይም በወላድነታቸው ሳቢያ አይደለም፤ ሁለቱም ሳይቆጠርላቸው ስለሚያገለግሉ ነው። ይህን ነጥብ ከጨበጡ የአማካሪዎ ስጋት ግማሹ ተመልሷል።

ወደ ልቦለዱ እንምጣ። «ቬጀቴሪያኗ» በኮሪያ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ፤ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ በ2016 የማን ቡከር ኢንተርናሽናል ሽልማትን ያገኘ ሲሆን፣ ደራሲዋ በ2024 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ተሸላሚ ሆናለች። ዮንግ-ሄ የተባለች ባለትዳር ሴት ደም የሞላበት ሕልም ካየች በኋላ በቤቷ ያለውን ሥጋ ሁሉ አውጥታ ትጥላለች፤ ከዚያ በኋላ ሥጋ በአፏ አይዞርም፤ እያደር ምግብ የሚባለውን ሁሉ ትታ ዛፍ ለመሆን ትሻለች። ታሪኩ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያውን ባሏ በአንደኛ መደብ ይተርከዋል፤ ሁለተኛው የእኅቷን ባል፣ ሦስተኛው ታላቅ እኅቷን ኢን-ሄን እየተከተለ በሦስተኛ መደብ ይተረካል። ለባለታሪኳ ለራሷ የተተዉላት በመጀመሪያው ክፍል መሀል ጣልቃ የሚገቡ አጫጭር የሕልምና የትዝታ ቁርጥራጮች ብቻ ናቸው።

የጥናትዎ ጠንካራ ማስረጃ ይህ የትረካ አወቃቀር ነው። በእጄ ካለፉ የመመረቂያ ማሟያ ጽሑፎች ብዙዎቹ አበባ በዚህ ገጽ፣ ዛፍ በዚያ ገጽ፣ ወንዝ በዚህኛው እያሉ ምስል ይለቅማሉ፤ ለቀማው ካለቀ በኋላም «ስለዚህ ደራሲዋ ሴትን ከተፈጥሮ ጋር አስተሳስራለች» ብለው ይዘጋሉ። በዚህ ልቦለድ ግን ዋናው ነገር ከምስሎቹ በፊት ያለው ነው፦ ሁሉም ስለ ዮንግ-ሄ ያወራል፣ እርሷ ግን ተራኪ አትሆንም። ባሏ ገና ሲጀምር ያገባት ምንም የተለየ ነገር ስላልነበራት መሆኑን ይነግረናል፤ አታስቸግርም፣ ታበስላለች፣ ዝም ትላለች። የእኅቷ ባል የሚያየው ገላዋን ነው፤ ሐኪሞቹ የሚያዩት ክብደቷን ነው። መልክዓ ምድርም በልቦለዶች ውስጥ በተለምዶ የሚስተናገደው እንዲሁ ነው፤ ተጓዡ ያደንቀዋል፣ ቀያሹ ይለካዋል፣ ነጋዴው ይተምነዋል፣ ራሱ ግን ቃል አይወጣውም። ሴትና ተፈጥሮ በዚህ ሥራ የተጣመሩት በትረካው ውስጥ በያዙት ቦታ ነው ብለው መከራከር ይችላሉ፤ ይህን ክርክር ደግሞ አማካሪዎ ኅዳግ ላይ በቀላሉ የሚያፈርሱት አይመስለኝም።

ቀጥሎ የሚቆዩበት ትዕይንት የቤተሰብ ግብዣው ነው። ዘመድ በኢን-ሄ አዲስ ቤት ተሰብስቦ፣ የቬትናም ጦርነት ዘማች የነበረው አባት ልጁን ሥጋ ብዪ ይላል፤ እምቢ ስትል በጥፊ ይመታታል፣ እጇን አስይዞም የአሳማ ሥጋ በአፏ ለመጠቅጠቅ ይታገላል። እርሷም ቢላ አንሥታ የገዛ አንጓዋን ትቆርጣለች። ይህን ገጽ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሲያነበው ጉርሻ ትዝ ሳይለው አያልፍም፤ ሊያልፍም አይገባም። ጉርሻ በእኛ ማዕድ የፍቅርና የአክብሮት ምልክት ነው፤ ሆኖም የአጉራሹ እጅ ከፊት ተዘርግቶ ሳለ አፍን መዝጋት ነውር መሆኑን፣ «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው እንደሚከተል፣ ምርጫውም ከጎራሽ ይልቅ የአጉራሹ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የእኛ ጉርሻ የዚያ አባት ጭካኔ ነው ማለቴ አይደለም። በፍቅር ስም ወደ ሌላ ሰው አፍ የሚገባ እጅ ሥልጣን እንደያዘ ለመረዳት ግን ከሴኡል አንባቢ ይልቅ እኛ እንቀርባለን፤ ይህን ቅርበት በጥናትዎ ይጠቀሙበት።

የሥጋውን ጉዳይ ለመተንተን አሜሪካዊቷ ካሮል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመችው ሥራ ይረዳዎታል። ክርክሯ በአጭሩ፣ እንስሳው ታርዶ ሥጋ ሲባል ከተመጋቢው ሕሊና እንደሚሰወር፣ የሴት ገላም በተመሳሳይ መንገድ ባለቤቱ ተረስታ ለዐይን ምግብነት እንደሚቀርብ የሚያሳይ ነው። አዳምስን ሲጠቅሱ ግን የሚያውቁትን አገር አይርሱ። በበዓል ዋዜማ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የሚታየውን ያስቡት፦ እናት ዶሮዋን በክንፉ ይዛ በር ላይ ቆማ ወንድ ትጠብቃለች፤ ጥበቃው ወይም የጎረቤት ልጅ በስመ አብ ብሎ እስኪያርድላት ድረስ ሥራዋ አይጀመርም። የቢላው ሥራ ከደቂቃ አያልፍም። ከዚያ መንቀሉ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠቡ፣ አሥራ ሁለት ብልት ማውጣቱ፣ ሽንኩርት ማቁላላቱ እስከ እኩለ ሌሊት የእርሷ ነው፤ በማግስቱ ፈረሰኛው ለአባወራው ይወጣል። የመግደል ሥልጣን በአንድ እጅ፣ የመግደሉ ድካም ሁሉ በሌላ እጅ የሆነበት የሥራ ክፍፍል ነው። ዮንግ-ሄም ሥጋውን አውጥታ ስትጥል የምትጥለው ይህን የሥራ ድርሻዋን ጭምር ነው፤ ባሏን ክፉኛ ያስቆጣውም የእርሷ አለመብላት ብቻ ሳይሆን ለእርሱ አለመሠራቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ጾም ነው። ሥጋ የማትበላ ሴት ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለችም። ዮንግ-ሄ አዲስ አበባ ብትኖር ኖሮ ሁዳዴን በሙሉ፣ ረቡዕንና ዓርብንም ጨምሮ፣ ማንም ልብ ሳይላት ትከርም ነበር፤ ጣጣው የሚጀምረው በፋሲካ ጠዋት ነው። በዚህ የተነሣ አንዳንድ አንባቢዎች ባለታሪኳን እንደ ባሕታዊት ሊያዩአት ይሞክራሉ። ልዩነቱን ግን ልቦለዱ ራሱ ያሳየናል። ባሏ ከአለቃው ጋር እራት በተጋበዙበት ዕለት ሥጋ የማትበላው በጤና ምክንያት ነው ብሎ ይሸፋፍንላታል፤ በማዕዱ ዙሪያ ያሉትም የሐኪም ትእዛዝ ወይም የሃይማኖት ሥርዓት ቢሆን ሊገባቸው ይችላል። እርሷ ያላት ምክንያት ግን «ሕልም አየሁ» የሚል ነው። ጾም የቀን መቁጠሪያ አለው፣ የንስሐ አባት አለው፣ ማኅበር አለው፣ ፍቺም አለው፤ የዮንግ-ሄ እምቢታ ከእነዚህ አንዱም የለው። የሚያስፈራውም ለዚህ ነው፤ አንዲት ሴት የማንንም ፈቃድ ሳታስቀድም ስለ ገዛ አፏ ወስናለች።

ሆኖም ንጹሕ አያድርጓት። ደካማ ኢኮፌሚኒስታዊ ንባብ የሚታወቀው ሴቲቱን ከበደል ሁሉ ነጻ በማውጣት ነው። በልጅነቷ የነከሳትን ውሻ አባቷ በሞተር ሳይክል አስሮ እስኪሞት ድረስ እየጎተተ አዙሮታል፤ ሥጋው ሲቀርብም እርሷ በልታለች፤ ትዝታው የሚያሳድዳትም ስለ በላች ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሲዘጋ ደግሞ በሆስፒታሉ ግቢ ተቀምጣ በተጨበጠ መዳፏ ውስጥ የተነከሰች ትንሽ ወፍ ትገኛለች። ይህቺን ወፍ ዘለው የሚያልፉ ጽሑፎች አንብቤአለሁ፤ እርስዎ አይዝለሏት። ከሰው ወደ እንስሳ የሚደረገው ጥቃት በባለታሪኳም ጥርስ እንደሚያልፍ፣ ከመብላትና ከመበላት ሰንሰለት በፍላጎት ብቻ መውጣት እንደማይቻል የምትመሰክረው ወፏ ናት። ከላይ የጠቀስኳት ፕለምውድ እ.ኤ.አ. በ1985 በአውስትራሊያው የካካዱ ብሔራዊ ፓርክ በአዞ ተይዛ በተአምር ተርፋለች፤ ከዚያ በኋላ ሰው ራሱም የሌላ ፍጡር ምግብ መሆኑን እየደጋገመች ጽፋለች። ተፈጥሮ ሥጋ በል መሆኗን በልቡ የያዘ ሰው፣ ተፈጥሮን ሁልጊዜ ሩኅሩኅ እናት አድርጎ ለመሳል እጁ ይከብደዋል።

ሁለተኛው ክፍል ለማስረዳት ይቀላል፣ ስለዚህ አጭር ያድርጉት። የቪዲዮ ሠዓሊው የእኅት ባል የዮንግ-ሄን ገላ በአበባ ሥዕል ይሸፍነዋል፣ ይቀርጸዋል፣ በመጨረሻም ራሱን በአበባ አስቀብቶ ይተኛታል። «ሴት አበባ ናት» የሚለው ዘይቤ በብሩሽ፣ በካሜራና በወንድ እጅ ሲሠራ በዐይናችን የምናይበት ክፍል ነው። የሚያወሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አበቦቹ ለእርሷም ሰላም ይሰጧታል፤ ሕልሙ የሚተዋት መስሏት ቀለሙ እንዳይለቅ ትሻለች። የእርሱ አበባና የእርሷ አበባ አንድ አለመሆናቸውን፣ ፈቃድን መናገር በማትችልበት የአእምሮ ሁኔታ ላይ ያለች ሴት መሆኗንም ጭምር፣ በጥንቃቄ ለይተው ያስቀምጡ።

አሁን ወደ ዛፉ። ነጻ መውጣት ነው ወይስ መሸነፍ ብለው ለጠየቁት የእኔ አቋም፣ በዮንግ-ሄ ዘንድ ጥያቄው መልስ የለውም፤ መልሱ ያለው ኢን-ሄ ዘንድ ነው የሚል ነው። ዮንግ-ሄ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ በእጇ ተገልብጣ ትቆማለች፣ ከመዳፏ ሥር እንደሚበቅል ታምናለች፣ ውኃና ፀሐይ ይበቃኛል ትላለች። ይህን ድል ብሎ ማወጅ አንዲት ሴት በረሃብ ስታልቅ ማጨብጨብ ይሆናል፤ ዕብደት ብሎ መዝጋት ደግሞ በአፍንጫዋ ቱቦ ለመክተት ከሚታገሉት ሐኪሞች ጋር መሰለፍ ነው። ሁለቱንም ፍርዶች የሚከለክለን በሦስተኛው ክፍል የኢን-ሄ ዐይን መኖሩ ነው።

ኢን-ሄ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ ታስተዳድራለች፣ ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች፣ የሆስፒታሉን ወጪ ትከፍላለች፣ ምግብ ሠርታ ትመላለሳለች፤ ቤተሰቡ ሁሉ ጀርባውን ሲሰጥ የቀረችው እርሷ ናት። የታሪኩ ጓዳ እርሷ ናት። በልጅነታቸው አባትየው ይመታ የነበረው ታናሽየዋን ነው፤ ኢን-ሄ በደከመች እናቷ ፈንታ ሾርባ እየሠራች ስለምታቀርብለት እርሷን ይራራላታል። አድጋ ስታስበው ያ የታላቅነት ታታሪነት ጉብዝና ሳይሆን ፍርሃት፣ የመትረፊያ ስልት እንደነበረ ይገባታል። ሥጋውን ማብሰልና ሥጋውን እምቢ ማለት ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት መልሶች መሆናቸውን ደራሲዋ እዚህ ላይ ታገናኛቸዋለች። ለኢኮፌሚኒስታዊ ንባብ ከዚህ የበለጠ ገጽ በመጽሐፉ ውስጥ አላውቅም፤ በአብዛኞቹ ጥናቶች ግን ኢን-ሄ በአንቀጽ ታልፋለች፣ ወደ ጓዳ መክተትን የሚተቸው ጥናት ራሱ እርሷን ወደ ጓዳ ይከታታል።

አንድ ሌሊት ኢን-ሄ ኑሮው ከብዷት ከቤቷ ጀርባ ወዳለው ተራራ ትወጣለች። ሕይወቷን የሚቀበላት ዛፍ ግን አታገኝም፤ ዛፎቹ አያጽናኗትም፣ ቀዝቃዛና ግዙፍ ሆነው ይቆማሉ። እኅቷ እኅትና ወንድም ያደረገቻቸው ዛፎች ለእርሷ ባዕዳን ናቸው። ሴት በተፈጥሮዋ ለዛፍ ትቀርባለች የሚለውን ለመሞገት ይህ ትዕይንት ብቻውን ይበቃል።

ሦስተኛው ጥያቄዎ የተውሶ ነገር ነው። ይህን ክርክር ከእኛ በፊት ሕንዶች ተከራክረውታል። እ.ኤ.አ. በ1974 በሰሜን ሕንድ በሬኒ መንደር በጋውራ ዴቪ የተመሩ ሴቶች ዛፍ ቆራጮችን ሲመልሱ፣ ሕንዳዊቷ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ቫንዳና ሺቫ ታሪኩን የሴቶችና የተፈጥሮ ጥልቅ ትስስር ማሳያ አድርጋ ጻፈችበት። የምጣኔ ሀብት ምሁሯ ቢና አጋርዋል ግን በ1992 በሰጠችው ምላሽ፣ ሴቶች ለደኑ የሚቆረቆሩት ማገዶውን የሚለቅሙት፣ ውኃውን የሚቀዱት እነርሱ በመሆናቸው፣ መሬቱ ግን የእነርሱ ባለመሆኑ ነው፤ ሀብታሟና ድኻዋ፣ ባለመሬቷና መሬት አልባዋ ከደን ጋር አንድ ዐይነት ግንኙነት የላቸውም ብላ ሞገተች። እኔ ከአጋርዋል ጋር ነኝ።

ምክንያቴንም ከስድስት ኪሎ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ወደ ሽሮ ሜዳ የወጣ ሰው ያየዋል። የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው፣ ከወገባቸው ጎብጠው፣ ዐይናቸውን አስፋልቱ ላይ ተክለው ከእንጦጦ የሚወርዱ ሴቶች አሉ። ቅጠሉ ለሌላ ሴት ምጣድ ነው። ዛፉ ራሱ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ አዲሲቱ ከተማ ማገዶ አልቆባት መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ሲታሰብ፣ ከውጭ መጥቶ የተተከለ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ደግሞ ያንኑ ጋራ ለሌላው የከተማ ነዋሪ የመናፈሻ ስፍራ አድርጎታል። ለአንዲት ሴት ንጹሕ አየር የሆነ ዛፍ ለሌላዋ የወገብ ሕመምና የዕለት ጉርስ ነው፤ ሁለቱም ሴቶች ናቸው፣ ዛፉም አንድ ነው። ይህ በሚታይባት ከተማ ውስጥ የተቀመጠ አንባቢ ትወራውን ከማንም አልተዋሰም፤ እንዲያውም የዮንግ-ሄ ዛፍ የአፓርታማ ነዋሪ ዛፍ መሆኑን፣ እንጨት ተሸክሞ የማያውቅ ትከሻ የሚመኘው ዛፍ መሆኑን ለማስተዋል ይቀናዋል።

ጥናትዎን ገምጋሚዎች ፊት በሚከላከሉበት ቀን አንዱ ገምጋሚ «ታዲያ በልቦለዱ ውስጥ ተፈጥሮ ራሱ የት አለ?» ማለቱ አይቀርም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ታሪኩ በአብዛኛው የሚካሄደው በአፓርታማ፣ በምግብ ቤት፣ በስቱዲዮና በሆስፒታል ነው። ደን የሚገኘው በሕልሙ ውስጥ፣ ዮንግ-ሄ ጠፍታ ዝናብ ላይ ቆማ በተገኘችበት የሆስፒታሉ ተራራ ላይ፣ በመጨረሻም ኢን-ሄ ከአምቡላንሱ መስኮት በምታያቸው የመንገድ ዳር ዛፎች ዘንድ ነው። እነዚህን ቦታዎች አንድ ላይ አምጥተው በአንድ ንዑስ ክፍል ይተንትኗቸው፤ በእያንዳንዱ ቦታ ደኑን የሚያየው የማን ዐይን እንደሆነም ይመዝግቡ። የእንጦጦውን ነገር ግን መግቢያው ላይ ከሁለት ገጽ አያሳልፉት፤ ገምጋሚዎቹ የሚፈትኑዎት በልቦለዱ ንባብ ነውና ገጽዎን ለኢን-ሄ ያቆዩላት።